የድቮይሬ ልጅ

ኖኹም ዛክን ማክሰኞ ጠዋት ያገኘችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ከጸሎት ቤቱ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ግራ እጅጌው ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ ሲጸልይ ክንዱ ላይ የሚጠመጥመውን የጸሎት ጠፍር በሚይዝባት ትንሽ የከፋይ ከረጢት ውስጥ እስከ አንጓው ገብቶ ቀርቷል። አንድ ጫማው ሦስተኛው እርከን ላይ ነው።

የካምፑ ሐኪም መጣ፣ አየ፣ «ወድቆ ነው» አለ። ለአራት ሺህ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ አይፈረድበትም። ሰዉ ግን ወዲያው ተንሾካሾከ። ራሱን ጥሎ ነው፣ ተባለ። እኛ ካምፕ ውስጥ ራሱን የሚያጠፋ ሰው ብርቅ አልነበረም። ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ እኛ አይሁዶች አሁንም ጀርመን አገር፣ የጀርመን ወታደሮች በለቀቁት ሰፈር ውስጥ ተቀምጠን ደብዳቤ እንጠብቃለን፣ መርከብ እንጠብቃለን፣ የሞተ ሰው እንጠብቃለን።

ኖኹም ግን የሚጠብቀው በሕይወት ያለ ሰው ነበር። አንዲት ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖኹም ሚስቱን ጀርመኖች ሳይወስዷት በፊት፣ ሴት ልጃቸውን በአራት ዓመት ተኩሏ ለአንዲት ወተት ሻጭ ሰጥቷት ነበር። ሴትዮዋ ልጅቷን ለአንድ የመነኮሳይት ገዳም አስረከበች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማርታ ይሏታል፣ ስለ ድሮው አንድ ቃል አትተነፍስም። መነኮሳይቱ የጻፉት ደብዳቤ አጭር ነው፦ ግራ አንጓዋ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ዘመዷ ነኝ የሚል፣ ጠባሳው መቼና እንዴት እንደመጣ የሚናገር የዚያን ጊዜ ጽሑፍ ያምጣ። እስከ ወሩ መጨረሻ ማንም ካልመጣ ሊያሳድጋት ለጠየቀ ገበሬ እንሰጣታለን።

ኖኹም ደግሞ ጽሑፍ ነበረው! ልጅቷ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ፣ ጥርስ ስታወጣ፣ ስትወድቅ፣ ስትስቅ፣ ሁሉን የጻፈበት ደብተር። ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ከምድጃው ጡብ ሥር ቀብሮት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሄዶ በጥፍሩ ቆፍሮ አወጣው። የካምፑ ኮሚቴ መኪና ፈልጎለት አርብ ጠዋት ወደ ፖላንድ ሊነሳ ነበር።

አሁን እሱ ሞቷል። ክፍሉ ሲታይ ደግሞ ሻንጣው ተከፍቷል፣ ደብተሩ የለም።

«አርብ ልጁን ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ማክሰኞ ራሱን ይገድላል?» አለች ፔሴ።

ፔሴ ሩድኒትስኪ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እንደ ዘንግ የቀጠነች፣ የሞተ ወንድሟን ካፖርት ለብሳ የምትዞር ሴት ናት። ከጦርነቱ በፊት ቪልና ከተማ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት አራሚ ነበረች፤ ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ነገር ስትለቅም ኖራለች። ካምፑ ውስጥ ብርድ ልብስ ሲጠፋ እንኳን የሚጠሩት እሷን ነው።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና የግራ ክንዱን አየች። ሰባት ጠባብ መስመር ዙሪያውን ሰርጉዷል።

«ዶክተር፣ ይሄ የጸሎት ጠፍሩ ምልክት ነው አይደል? ሲፈታ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ግማሽ ሰዓት። ቢበዛ።»

«ከሞተስ?»

«ደሙ ካልዞረ ምን ያጠፋዋል? እዚያው ይቀራል።»

«ጸሎቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞቷል ማለት ነው።» ቀስ ብላ እጁን ከከረጢቷ አወጣች። «እስቲ እዩ፣ ጠፍሩ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ ገብቷል። ጨርሶ ነበር። ታዲያ እንደገና እጁን የሰደደው ምን ሊያወጣ ነው?»



ፔሴ ጣቷን ከከረጢቷ ገበር ሥር አስገባችና በአራት የታጠፈ ቢጫ ወረቀት አወጣች። ቆማ አነበበችው። ከዛ እርከኑ ላይ ቁጭ አለች።

«ምንድነው?» አለ ዶክተሩ።

«የቆየ ወረቀት ነው» አለችና ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የሟቹን ኮት ደረት ታያለች። እዚያ አንድ ነጭ ነገር ነበር፣ የአውራ ጣት መጠን ያለው ልቅልቅ። «ኮቱን ማንም እንዳያጥበው» አለች።

ኖኹም የሚኖረው ክፍል ዐሥራ አራት ነው። በገመድ ላይ በተሰቀለ ብርድ ልብስ ለአራት የተከፈለ ክፍል። የቀሩት ሦስቱ ፍሩሜ፣ ዜሊግና ሌይዘር ናቸው። ሻንጣው ያለበትን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ፍሩሜን ወጥ ቤት አገኘቻት። ፍሩሜ ብላት የካምፑ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። ሁለት ልጆች ነበሯት። ነበሯት ነው የምላችሁ።

«ልትጋቡ ነበር ይባላል» አለች ፔሴ።

«ካምፕ ውስጥ የማይባል ምን አለ!» ሊጡን ደበደበችው። «ትንሿ ትምጣና ከዛ አለኝ። አሁን ደስ ካለን ያየናል፣ አለ።»

«ማን ነው የሚያያችሁ?»

«መልአከ ሞት ነዋ፣ ማን ይሆናል! እንደሱ ነበር እኮ ኖኹም። አንድ ቀን ‹ልጅህ› ስለው አፌን በእጁ ያዘው። ዝም በይ አለኝ። የኮሚቴውን ፎርም እንኳን ዜሊግ ነው የሞላለት፣ ‹አባት› የሚለው ላይ ሲደርስ ወጥቶ ሄደ።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ፔሴ፣ ደብተሩን ፈልጊልኝ። እሱን መቼም አትመልሺውም። ደብተሩን ግን ፈልጊልኝ። ልጅቷ የማንም ሳትሆን ልትቀር ነው።»

«ዛሬ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ለሦስት መቶ ሰው ዳቦ ስቆርጥ። ሦስት መቶውንም ጠይቂያቸው፣ ቀጭን ቆረጠች ብለው ሰድበውኛል።»

ዜሊግ ፔርሎቭ የካምፑ አስተማሪ ነው፤ ሱሪው ሁሌ በጠመኔ ነጭ ነው፣ አፉ ሁሌ ክፍት ነው።

«ወይዘሮ አራሚ! ስህተት ፍለጋ መጣሽ? እኔ ራሴ ስህተት ነኝ፣ እናቴ ብትኖር ጠይቂያት እልሽ ነበር።»

«ከጦርነቱ የተረፉት ልጆች ሁሉ አንድ ላይ በመርከብ ይሂዱ፣ አባት አይጠበቅ ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። «ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ግን ሰው አልገድልም።»

«ደብተሩን ወደ ፖላንድኛ ልትተረጉምለት ወስደህ ነበር።»

«ሰኞ ማታውኑ በእጁ መለስኩለት።»

«ቀን ላይስ ደብተሩ የት ነበር?» አለች። ዜሊግ ጠመኔውን ማገላበጥ ጀመረ።

«ጥዬው ወጣሁ፣ እሺ? ትምህርት ቤቱ መስኮት ላይ፣ ለአንድ ሰዓት! ሾርባ ለመቀበል ተሰለፍኩ። ኖኹም ቢሰማ ይገድለኝ ነበር። ግን አልጠፋም፣ ያስቀመጥኩበት ነው ያገኘሁት።»

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ሌይዘር ብቻ፣ መስታወት ሊገጥም። ዛሬ ጠዋት ይጨርሰዋል ብለውን ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ መስኮቱ አሁንም ካርቶን ነው። ልጆቹ በብርድ አለቁ።»

ሌይዘር ጎርዲን ከኖኹም ጋር የአንድ ከተማ ልጅ ነው፤ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሰፊ ትከሻ፣ የተቆራረጠ ጣት። መስታወት የሚያጣብቅበትን ስቱኮ በመዳፉ መሀል ያድበለብላል።

«ሬብ ሌይዘር» አለችው አክብራ።

«ሬብ ቄሶቻችሁን በይ። እኔ ጓድ ሌይዘር ነኝ። ጸሎት ቤት በር ላይ እንኳን አልደርስም።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ትምህርት ቤት። መስታወት ስገጥም። ከንጋት ጀምሮ።»

«ቤተሰብህን አውቃቸው ይሆን? ድቮይሬ ነበር አይደል ሚስትህ?»

ፊቱ ላላ። «ድቮይሬ። ስድስት ልጅ ወለደችልኝ። ስድስት! አንዳቸውም ጉንፋን አያውቁም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይቀናባት ነበር። ካይኬ ትንሿ ናት። አንድ ዓመት ተኩሏ እያለ ነው የወሰዱኝ፤ ሠራተኛ ታሳድማለህ ብሎ ያገራችን መንግሥት እስር ቤት ከተተኝ። ጦርነቱ ሲጀመር ጠባቂዎቹ ሸሹ፣ እኔ በሩሲያ በኩል ቀረሁ። ከዛ ወዲህ ቤቴን አላየሁም። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። አንድ ቃል።»

«አንድ ቃልም?»

«አንድም!»

ረቡዕ ከሰዓት የኮሚቴው ጸሐፊ እያለከለከ መጣ። ሌይዘር ማመልከቻ አስገብቷል። ገዳሙ ያለችው ልጅ የኔ ናት፣ ካይኬ ናት፣ ይላል። ጠባሳው ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት፣ በሻማው በዓል በሐኑካ፣ ሦስተኛው ሻማ ሲበራ የመጣ ነው፣ ማስረጃም አቀርባለሁ፣ ይላል።

«ሁለት ልጆች ናቸው እንዴ?» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት።

«አይ» አለች ፔሴ። «አንድ ናት። ነገ ከሰዓት ክፍል ዐሥራ አራት ሰብስባቸው። ሁለት ፖሊስ አምጣ።»

ሐሙስ ሦስቱም አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው በሩ አጠገብ፣ ፖሊሶቹ ኮሪደር። በጠረጴዛው ላይ የኖኹም ኮት ተዘርግቷል፤ አጠገቡ አንድ ኩባያ ውሃ።

«መኪናው ነገ ጠዋት ይነሳል» አለች ፔሴ። «ደብተሩ ካልተገኘ ባዶውን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቶሎ ልበል። ኖኹም ከጸሎት ሲወጣ ደረጃው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ደረቱን ነክቶታል። የነካው እጅ ነጭ ነው።»

«እንግዲያው ሦስታችንም ገዳዮች ነን» አለ ዜሊግ። «አንዷ ዱቄት፣ አንዱ ጠመኔ፣ አንዱ ስቱኮ።»

«ትክክል ነህ። ለዚህ ነው ውሃ ያመጣሁት።» የፍሩሜን ሽርጥ ጫፍ አራገፈች፣ ከዜሊግ ሱሪ በጣቷ ወሰደች፣ ከሌይዘር ሳጥን ትንሽ ስቱኮ ቆረጠች። ሦስቱንም ሳህን ላይ ለቅልቃ ውሃ አንጠባጠበችባቸው። ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። ጠመኔው ቀልጦ ፈሰሰ። ስቱኮው ላይ ግን ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። «ዘይት አለበት፣ ውሃ አይቀበልም።»

ከዛ አንድ ጠብታ ኮቱ ላይ ጣለች። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ጠብታዋ ክብ ሆና ቆመች፤ ኮቱን ስታነሳው ተንከባልላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሌይዘር አልተንቀሳቀሰም። «አብረን ነው የምንኖረው። ሌላ ቀን ነክቼው ይሆናል።»

«ይሆናል። ግን ከንጋት ጀምሮ ትምህርት ቤት መስታወት ስገጥም ነበር አልከኝ፤ ዜሊግ ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ መስኮቱ ካርቶን ነው። ይሄም ያልፍ ይሆናል። ያላለፈልህ ማመልከቻህ ነው። ሌይዘር፣ ካይኬን ያየሃት በአንድ ዓመት ተኩሏ ነው። ከዛ ወዲህ አንድ ቃል አልሰማህም። ታዲያ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣ ጠባሳ፣ ያውም በሦስተኛው ሻማ፣ ማን ነገረህ? ያን ቀን የጻፈ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት መስኮቱ ላይ አነበብከው። ማክሰኞ ሻንጣውን ከፍተህ ወሰድከው።»

ፍሩሜ ቀስ ብላ ዞረች። «ሌይዘር?»

«አዎ!» ብድግ አለ። «አነበብኩት! መጀመሪያ ሂንዴ፣ ሂንዴ፣ ልጄ ሂንዴ ይላል። ከዛ ልጅቷ ጉሮሮዋን ታመመች፣ ሐኪሙ ተስፋ የላትም አለ። ከዛች ቀን በኋላ ሂንዴ የሚል አንድ ቦታ የለም። ሞታለች! ቀጥሎ ምን ይላል? የድቮይሬ ልጅ ሳቀች። የድቮይሬ ልጅ ሻማው አቃጠላት። የድቮይሬ ልጅ! የኔ ልጅ! ልጁ ስትሞትበት የኔን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ አባቷ ነኝ ሊል ነበር። እኔ እዚህ ከጎኑ ተኝቼ!»

«ጠየቅኸው?»

«ጠየቅኩት። ደረጃው ላይ ያዝኩትና የማን ልጅ ናት አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ግራ ቀኙን አይቶ ‹የድቮይሬ ናት› አለኝ። በገዛ አፉ! ‹ቆይ ላሳይህ› ብሎ እጁን ከረጢቷ ውስጥ ከተተ። ከዛ ወዲያ ምን ያሳየኛል? ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ገፋሁት።»

ፔሴ ከኪሷ ቢጫውን ወረቀት አወጣች።

«ሊያሳይህ የነበረው ይሄ ነው» አለችና አነበበች፦ «‹እኔ ኖኹም ከሚስቴ ከብሉሜ ጋር፣ የታመመች ሴት ልጃችንን የስድስት ጤነኛ ልጆች እናት ለሆነችው ለድቮይሬ በአንድ ሳንቲም ሸጠናል። ከዛሬ ጀምሮ የኛ አይደለችም። ለሰርጓ ድንኳን እስክትበቃ አንመልሳትም፣ ልጃችንም አንላትም።› ፊርማውን እየው። የሚስትህ ነው።»

እኛ አገር ይሄን የማያውቅ ሰው የለም። ልጅ ሊሞት ሲል ይሸጣል፤ ልጆቿ ለማይሞቱባት ሴት ይሸጣል። መልአከ ሞት የኖኹምን ልጅ ሊወስድ ሲመጣ የኖኹም ልጅ የምትባል የለችም፤ ያለችው የድቮይሬ ልጅ ናት። ግራ ተጋብቶ ይመለሳል።

«አልነገረችኝም» አለ ሌይዘር። ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ድቮይሬ አልነገረችኝም።»

«አንተ እስር ቤት ነበርክ። ቤት ብትኖርም አትነግርህም፤ ትስቅባታለህ።»

«እስቅባት ነበር» አለ። ቁጭ አለ። ከዛ ቀና ብሎ «ውሸት ቢሆንስ? ካይኬ ብትሆንስ?»

«ደብተሩን አምጣውና እንየው።»

ሌይዘር ተነስቶ የዚሁን ክፍል መስኮት ቀዳዳ የደፈነውን ካርቶን ገነጠለና ከኋላው ደብተሩን አወጣ። ጥቁር ሽፋን፣ ጠርዙ በእርጥበት ያበጠ። ፔሴ ገለጠች፣ ገለጠች፣ መጨረሻው አካባቢ ቆመች።

«‹ድቮይሬና ስድስቱም ልጆቿ ዛሬ ጠዋት ተወሰዱ። ካይኬን እናቷ አዝላታለች። የድቮይሬ ልጅ መስኮት ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችላቸው።›» ደብተሩን ዝቅ አደረገች። «ስድስቱም ከሄዱ፣ ሌይዘር፣ መስኮቱ ላይ የቀረችው ማን ናት?»

ሌይዘር ፊቱን ከደብተሩ አዞረ።

«ይሄን ገጽ አላነበብከውም?»

«ስማቸውን አየሁ» አለ። «‹ተወሰዱ› የሚለውን አየሁና ገለጥኩት። አልቻልኩም። ያን ገጽ ብቻ ነው ያለፍኩት።»

ፍሩሜ ልትመታው የተነሳች ትመስል ነበር። ግን መሀል ላይ ቆመች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ልጄ› ሳይላት» አለች። «አንድ ሳምንት ሲቀረው እንዴት ‹ልጄ› ይበላት? ፈራ። አንተን አይደለም የፈራው፣ ደደብ። ያኛውን ነው።»

ፖሊሶቹ ገቡ። ፔሴ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«አልጨረስኩም። መኪናው ነገ ይሄዳል፤ ደብተር አለን፣ ዘመድ ግን የለንም። አባቷ ሞቷል። መነኮሳይቱ ደግሞ ለማንም አይሰጡም። በዚህ ወረቀት ልጅቷ የድቮይሬ ናት። ድቮይሬ ደግሞ በሕይወት ያለ ባል አላት።»

«አብደሻል!» ዜሊግ ጮኸ። «አባቷን የገደለውን ልትልኪላት?»

«አይሄድም። ይሸጣታል።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሌይዘር ፊት አስቀመጠች። እሱ አየውና፣ ሳትነግረው ገባው። ቀስ እያለ ጻፈ፤ መስታወት የቆራረጠው ጣቱ እስክሪብቶውን በደንብ አይጨብጥም። እኔ የድቮይሬ ባል ልጃችንን ለፍሩሜ ብላት በአንድ ሳንቲም ሸጬአለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለችም፣ ብሎ ፈረመ። ጸሐፊው ማህተም መታበት።

ፍሩሜ ሽርጧን ፈትሻ ሳንቲም አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሌይዘርን አላየችውም። እሱም ሳንቲሙን አልነካውም። ፖሊሶቹ ሲወስዱት እዚያው ቀረ።

«መነኮሳይቱ ይቀበሉታል?» አለች ፍሩሜ።

«አላውቅም» አለች ፔሴ።

ከዛ ብቻዋን ተቀምጣ የደብተሩን መጨረሻ ገጽ አነበበች። ‹የድቮይሬ ልጅ ዛሬ በወተት ጋሪ ሄደች። አላለቀሰችም። ኮፍያዋን ረስታ ሄደች።› ከሥሩ ባዶ ነው። አራሚዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየችና ምንም ሳትጽፍ መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰካችው።

አርብ ጠዋት በረዶ ይጥል ነበር። ፍሩሜ ደብተሩን በዳቦ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ደረቷ ውስጥ ከትታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ይዛለች፤ ሌሊቱን ስትሠራው ነው ያደረችው። ፔሴ በሩን ዘጋችላት።

ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል። ሞተሩን እያሞቀ ኮፍያውን አየና ፈገግ አለ።

«ልጅሽን ልታመጪ ነው አይደል?»

ፍሩሜ ደንግጣ ወደ ኋላ ዞር አለች፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰማት ይመስል።

«አይደለችም» አለች ቶሎ ብላ። «የኔ አይደለችም። የድቮይሬ ልጅ ናት።»